የወረደው ጋሻ

ፈረሱ ጥቁር ጨርቅ ለብሶ፣ የባለቤቱ ጋሻ ከኮርቻው ላይ ታስሮ ወደ ለቀስተኛው መሀል ሲገባ ሐረገ ወይን ፈረሱን አላየችም። ዓይኗ የወንድሟ እጅ ላይ ነበር።

ጥጋቡ ከዳሱ ጫፍ ቆሟል። ምንሽር ጠመንጃውን አንግቶ፣ አውራ ጣቱን በማንገቻው ውስጥ አስገብቶ ወደ ላይ ወደ ታች ያንሸራትታል። አያለቅስም። መርዶው ወደሚኖርበት ስማዳ ሄዶ ተነግሮት፣ ገስግሶ እስቴ የደረሰው ትናንት፣ አባቱ ከተቀበሩ በኋላ ነው። ከደረሰ ጀምሮ እህል አልቀመሰም፤ «እግዚአብሔር ያጥናህ» ለሚሉትም አንገቱን ብቻ ይነቀንቃል።

አክስታቸው ወይዘሮ ካሣነሽ ነጠላቸውን ከወገባቸው አስረው ከፈረሱ ፊት ወጡ። ጉንጫቸው በጥፍራቸው ተቧጭሮ ቆስሏል። በዚያ አገር ሙሾ በማውረድ የሚስተካከላቸው የለም፤ ዛሬ ደግሞ የሚያወርዱት ለገዛ ወንድማቸው ነው።

«ጣልያን ያልጣለውን ያን ነብር ወንድሜን፣
የትናንት ልጅ ጣለው፣ ማን ይመልስ ደሜን?»

ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ ተቀበሏቸው። ወይዘሮ ካሣነሽ ጥቂት ትንፋሽ ወስደው ፊታቸውን ወደ ጥጋቡ አዞሩ።

«ጋሻው ወርዶ ሳለ በጀርባው ተመታ፣
ወንድ ልጅ የለው ወይ የሚቆም በቦታ?»

የጥጋቡ አውራ ጣት ከማንገቻው ወጣ። እጁን ጨበጠ። ሐረገ ወይን የዳሱን ቋሚ ያዘች።

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ያንሾካሹካሉ።

«በጉግስ ሜዳ የሞተ ደም የለውም ይባል የለ?»

«ጋሻውን ላወረደ ሰው አይወረወርማ! እሱ ጨዋታ ሳይሆን ነፍስ ማጥፋት ነው።»

«የወረወረው ልጅስ የት ገባ?»

«አዲስዓለም? ቤተ ክርስቲያን ተማጽኖ ተቀምጧል። እስከ መቼ እንደሚቀመጥ እንጃ።»

ሟቹ ባላምባራስ ዋሴ ስልሳን ካለፉ ቆይተዋል። እኩዮቻቸው መቋሚያ ይዘው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ፀሐይ ሲሞቁ እሳቸው በየዓመቱ ለጥምቀት ፈረሳቸውን አስጭነው ከመካነ ኢየሱስ በታች ካለው ሜዳ ይወርዱ ነበር። አንዱ ወገን ጋሻ ይዞ ይሸሻል፤ ሌላው ዘንግ ይዞ ያሳድዳል፤ ከዚያ ተራው ይለወጣል። እሳቸው ሲሸሹ የመታቸው፣ ሲያሳድዱም ያመለጣቸው አልነበረም። የፈረስ ስማቸው አባ ጉም ነበር፤ ሳይታዩ መጥተው ሳይያዙ ይሄዳሉ ለማለት። እሳቸው ጉግስ ሲጀምሩ ያልተወለዱ ጎረምሶች ከጋይንትም ከስማዳም እየመጡ አቧራ ቅመው ተመልሰዋል።

ይህ ነገር ሰውን ያስገርም ነበር፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ያስፈራ ጀመር። ክታብ አለው አሉ። ሥር የሚቀምሰው ከቆላ እየመጣለት ነው አሉ። አንድ በጉግስ የተሸነፈ ጎረምሳ በዚያው ዓመት በንዳድ ሲሞት ደግሞ፣ «ሽማግሌው የወጣቶቹን ዕድሜ እየወሰደ ነው የሚኖረው» የሚሉ ተነሱ። እናቶች ባላምባራስ ሲያልፉ ልጆቻቸውን ወደ ቀሚሳቸው ይሰበስቡ ነበር።

እውነቱን የምታውቅ ሐረገ ወይን ብቻ ነበረች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከአባቷ ቤት ተመልሳ ስለምትኖር ሁሉን ታያለች። አባቷ ገና ሳይነጋ ተነስተው የፈረሱን ጭራ ይዘው ዳገቱን በእግራቸው ይወጣሉ። ምሳቸው የገብስ ቆሎ ነው፤ ጠላ እንኳ ከአንድ ዋንጫ አያሳልፉም። የግራ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ስለዚህ ፈረሱን አሳዳጁ ሁልጊዜ በቀኝ እንዲመጣባቸው አድርገው አስተምረውታል።

«ወጣቶቹ የሚያዩት ዘንጉን ነው» ብለዋት ነበር አንድ ቀን። «እኔ ግን ትከሻቸውን ነው የማየው። ትከሻው ከዘንጉ ቀድሞ ይነግረኛል።»

ከጥምቀት ማግስት ደግሞ እጃቸውን አንስተው እጀ ጠባባቸውን መልበስ ያቅታቸዋል። በሩን ዘግታ ትከሻቸውን በቅቤ የምታሸው እሷ ነበረች። አገር «አይደክመውም» ሲል እሳቸው ሕመሙን በጥርሳቸው ነክሰው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሐረገ ወይን እንጨት ልታመጣ ወደ ጓሮ ስትዞር የአክስቷን ድምፅ ሰማች። ወይዘሮ ካሣነሽና ጥጋቡ ከጎተራው ጥግ ቆመዋል።

«ከቤተ ክርስቲያን ውስጥ አትንካው» ይሉታል አክስቱ። «እግዚአብሔርን አንዳፈርም። ግን ጠዋት ጠዋት እናቱ ስንቅ ስታመጣለት እስከ ቅጥሩ በር ይወጣል። ከበሩ ወዲህ ያለው መሬት የማንም ነው።»

ጥጋቡ የምንሽሩን ማንገቻ ጠበቅ አደረገ።

«አንተ ካልሆንክ እኔ ቀሚሴን አስሬ እሄዳለሁ።»

«እርስዎ አይሄዱም» አለ ጥጋቡ ቀስ ብሎ።

ሐረገ ወይን እንጨቱን ሳታነሳ ተመለሰች። የምታውቀውን ብትናገር ይህ ሁሉ እንደሚቆም ታውቃለች። ግን ምላለች።

ነገሩ የሆነው በኅዳር፣ ገብስ ሲታጨድ ነው። አባቷ ከዳገቱ ሲወርዱ መንገድ ላይ ቁጭ አሉ። ስትደርስ ግንባራቸው በላብ ርሷል፤ ብርድ ነበር። ቀኝ እጃቸው ደረታቸውን ጨምድዶ ይዟል።

«ደረቴ ላይ ሰው ቆሟል» አሉ። «አይሄድም፣ እንደ ቆመ ነው።»

«አባባ፣ ደብረ ታቦር ሐኪም አለ። በበቅሎ እንወስድዎታለን።»

«ሐኪሙ ምን ይለኛል? ፈረስ ተው ይለኛል።»

«ታዲያ ይተዉታ!»

ቀና ብለው አዩዋት። ጣልያን በመጣ ጊዜ በረሃ ገብተው ሲኖሩ እንኳ ፈርተው አይታቸው አታውቅም፤ ያን ዕለት ግን ዓይናቸው እንደ ተባረረ ሚዳቋ ዓይን ነበር።

«ከተውኩ በኋላ ምን ልሆን ነው?» አሏት። «እሳት ዳር ተቀምጬ ሰው እስኪያነሳኝ ልጠብቅ? እሱን እፈራለሁ፣ ሐረጌ። ይኸንን ደረቴን ያን ያህል አልፈራውም።»

ሕመሙ ሲለቃቸው በኢየሱስ ስም አስማሏት። ለጥጋቡ፣ ለካሣነሽ፣ ለማንም እንዳትናገር። እሷም ማለች። የጥምቀት ዕለት ጠዋት ኮርቻውን ስትጭን እጇ የሆድ ጠፍሩን ማሰር አቅቶት ነበር፤ እሳቸው ግን ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው፣ የፈረሱን አንገት መታ መታ እያደረጉ፣ እንደ ጎረምሳ ይስቁ ነበር።

ሜዳው ዳር ከአንድ ቋጥኝ ላይ ቆማ አየች። አባቷ እየሸሹ በፊቷ አለፉ። አዲስዓለም ከኋላቸው ደርሶ ክንዱን አነሳ፤ ዘንጉ ከእጁ ወጣ። ያን ጊዜ ጋሻቸውን ወደ ጀርባቸው ማዞር ነበረባቸው። አላዞሩትም። ቀኝ እጃቸው ልጓሙን ለቆ ደረታቸውን ጨመደደ፤ ጋሻ የያዘው ግራ እጃቸው ወደ ታች ተንጠለጠለ። ዘንጉ ትከሻቸውን ሲነካ እሳቸው ቀድመው ከፈረሱ አንገት ላይ ተደፍተው ነበር። ከወዲያ ማዶ የቆመው ሕዝብ ግን ያየው የወረደውን ጋሻና የሚበረውን ዘንግ ብቻ ነው።

ከልቅሶው ማግስት ሐረገ ወይን ስትነቃ የጥጋቡ መኝታ ባዶ ነበር። ምንሽሩ ከተሰቀለበት የለም። ወይዘሮ ካሣነሽ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጠው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ።

«የት ሄደ?» አለቻቸው።

መቁጠራቸውን ቀጠሉ። ጫማም ነጠላም ሳታደርግ ወጣች።

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ሴት አገልግል ይዛ ትሄዳለች። የአዲስዓለም እናት አመተ ሥላሴ ነበረች። ሐረገ ወይንን ስታይ አገልግሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ ቁጥቋጦው ሸሸች።

«አይፍሩኝ» አለች ሐረገ ወይን እያለከለከች። «ልጅዎ ዛሬ ከበሩ እንዳይወጣ። ስንቁን እኔ አስገባዋለሁ።»

ሴትየዋ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ቆመች። ከዚያ አገልግሉን ሰጠቻትና መሬት ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

ከቅጥሩ በር በላይ ያለው ጥድ ሥር አንድ ሰው ተቀምጧል። ሐረገ ወይን ቀና ብላ አላየችም፤ ማን እንደሆነ አውቃለች። ዓይኑ በጀርባዋ እየተሰማት በሩን አልፋ ገባች።

አዲስዓለም ደጀ ሰላሙ ውስጥ ጉልበቱን አቅፎ ተቀምጦ ነበር። ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው። ለጥምቀት የለበሰው ልብስ አሁንም ላዩ ላይ ነው፤ ነጭነቱ ግን የለም። ሲያያት ተነስቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ።

«እውነት ገደልኳቸው?» አላት። «ጋሻቸው ሲወርድ አይቻለሁ። ዘንጉ ግን ከእጄ ወጥቶ ነበር። ወይስ አልወጣም ነበር? መጀመሪያ እርግጠኛ ነበርኩ። አሁን ስተኛ ሌላ ነው የማየው፤ ጋሻው ወርዶ፣ እኔ እያየሁ ስወረውር። እሳቸው እኮ ናቸው ፈረስ እንዴት እንደሚገራ ያሳዩኝ!»

አገልግሉን ከፊቱ አስቀመጠችለት። ክዳኑን ከፍታ ወደ እሱ ገፋ አደረገችው።

የአባቷ የነፍስ አባት መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ ከቅኔ ማኅሌቱ ወጥተው ሲያዩዋት ወደ ዛፎቹ ወሰዷት።

«የአባትሽን ገላ ያጠብኩት እኔ ነኝ» አሏት። «ትከሻቸው ላይ ትንሽ ሰንበር አየሁ እንጂ የሚገድል ቁስል የለም። ለጥጋቡ ነገርኩት። ዘንግ በውስጥ ይገድላል ብሎ መለሰልኝ።»

«ሌላስ የሚያውቁት ነገር የለም፣ መምሬ?»

ሽማግሌው ቄስ መሬት መሬት አዩ።

«በኑዛዜ የሰማሁት ከእኔ ጋር ይቀበራል። አንቺ ግን የነፍስ አባታቸው አይደለሽም።»

«በኢየሱስ አስምለውኛል። ብናገር ይረግሙኛል። ሰውም ዋሴ ለካ በሽተኛ ነበር ይላል፤ ስማቸው ይወድቃል።»

«መሐላሽን እኔ እፈታዋለሁ፤ ንስሐውንም አብሬሽ እገባለሁ። ስማቸው የሚወድቀው በእሳቸው ሰበብ ያልበደለ ልጅ የሞተ እንደሆነ ነው። አሁን ሂጂ፣ ልጄ፤ እኔም እየፈራሁ ነው።»

ወደ ጥዱ የሚያወጣው መንገድ አጭር ነው፤ ለሐረገ ወይን ግን አላልቅ አላት። ጥጋቡ ምንሽሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ወደ በሩ ያያል።

«ተመለሽ» አላት ሳይዞር።

«ጥጋቡ፣ አባባ ታመው ነበር።»

«ተመለሽ አልኩሽ።»

«ደረታቸውን ያማቸው ነበር። ከኅዳር ጀምሮ። ደረቴ ላይ ሰው ቆሟል ይሉ ነበር። ጋሻው የወረደው እጃቸው ስለከዳቸው ነው። እኔ ቅርብ ነበርኩ፣ አይቻለሁ፤ ዘንጉ ሳይነካቸው ተደፍተዋል።»

«ልጁ እንዲተርፍ ብለሽ ነው።»

«በአባባ አጥንት ልማልልህ?»

ጥጋቡ ዞሮ አያት። ከበሩ በኩል የአንድ ዲያቆን የዜማ ድምፅ ይሰማል።

«በመስቀል መጥቼ ሳለ» አለ በመጨረሻ፣ «ከወንዙ ስንወጣ ሁለት ጊዜ ቆሙ። ገብሱን እይልኝ፣ አያምርም? አሉኝ። ቆሜ አየሁ። ገብሱ የኛ አልነበረም። የሰው ገብስ ነው። ምን ነካቸው ብዬ በልቤ ሳቅሁባቸው።»

«ያን ጊዜም እስትንፋሳቸው እስኪመለስ ነው የቆሙት» አለች።

«ጥምቀት ዕለት ፈረሱን ማን ጫነላቸው?»

«እኔ።»

ጥጋቡ ተነሳ። ምንሽሩ እጁ ውስጥ ነበር፤ አፈሙዙ ወደ መሬት ይሁን ወደ እሷ መለየት አልቻለችም። በሕይወቷ እንደዚያ ፈርታ አታውቅም፤ ከአንድ ሆድ የወጣ ወንድሟ ዓይን ውስጥ የምታውቀው ሰው አልነበረም።

«እያወቅሽ?»

«እያወቅሁ። አንተ ብትሆን ትከለክላቸው ነበር?»

የምንሽሩን አፈሙዝ ወደ መሬት ዝቅ አደረገ። ከዚያ ጀርባውን ለጥዱ ሰጥቶ ቀስ እያለ ወርዶ ተቀመጠ።

«ለምን ስማዳ እንደሄድኩ ታውቂያለሽ?» አለ። ድምፁ ተለውጧል። «እዚህ አባ ጉም እያሉ ለኔ ምን ቦታ አለኝ? ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ የዋሴ ልጅ ነበርኩ። ሽማግሌ ሆነው ቦታውን ይለቁልኛል ብዬ ብጠብቅ እምቢ አሉኝ። ሲወድቁ ለማየት እመኝ ነበር፣ እታለም። አንድ ጊዜ ብቻ። እንዲሞቱ አይደለም። እንዲወድቁና እጄን ሰጥቼ እንዳነሳቸው።»

ሐረገ ወይን ልትነካው እጇን ዘረጋች፤ ተነስቶ ሄደ። ወደ ቤት ይሁን ወደ ሌላ አላወቀችም። ምንሽሩን ይዞ ነው የሄደው።

የአባታቸው ሰባተኛ ቀን እስኪደርስ በፍርሃት ሰነበተች። ጥጋቡ ቤት ቢመጣም ቃል አይወጣውም። ከወጣ ታዳምጣለች፤ ውሻ ሲጮህ ትነሳለች፤ ከማዶ ተኩስ ሲሰማ፣ ዝንጀሮ የሚያባርር ገበሬ መሆኑን እያወቀች፣ እጇ ላይ ያለውን ትጥላለች። ወይዘሮ ካሣነሽ አንዴ ጥጋቡን አንዴ እሷን እያዩ፣ «በዚህ ቤት የሚንሾካሾክ ነገር አለ» ይላሉ።

በሰባቱ ዕለት ለቀስተኛው ዳሱን ሞልቶ ሳለ መምሬ ወልደ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘው፣ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። ከኋላቸው አዲስዓለም ጎንበስ ብሎ፣ ማጅራቱ ላይ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ይራመዳል። ይቅርታ ለመጠየቅ ነው፤ ቢገድሉትም አንገቱን ይዞ ቀርቧል።

ሙሾው ተቋረጠ። ወይዘሮ ካሣነሽ ከሴቶቹ መሀል ተነስተው ጮኹ።

«ጥጋቡ! በእግሩ ቤትህ ድረስ መጣልህ!»

ጥጋቡ ምንሽሩን ይዞ ተነሳ። ሕዝቡ መንገድ ለቀቀለት። ሐረገ ወይን በሰው መሀል ወደ ፊት ገፋች። አዲስዓለም መሬት ላይ ተደፋ፤ ድንጋዩ ማጅራቱን ተጭኖት ፊቱ አቧራው ውስጥ ገብቷል፤ ጀርባው ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

ጥጋቡ ከራስጌው ቆመ። ከዚያ ምንሽሩን ለመምሬ ሰጥቶ ጎንበስ አለና ድንጋዩን በሁለት እጁ አነሳው።

«ስሙ!» አለ። ድንጋዩን እንደታቀፈ ነበር። «አባቴን ማንም አልጣላቸውም። ከመስቀል ጀምሮ ሞት ደረታቸው ላይ ቆሞ ነበር፤ ተሸክመውት ነው ፈረስ የወጡት። ጋሻቸውን ያስወረዳቸው እሱ ነው። ይህ ልጅ የመታው የሞተ ሰው ነው። በሕይወት ሳሉ የመታቸው የለም። አለ የሚል ካለ ይናገር።»

አንድ ሽማግሌ፣ «አባ ጉም!» ብለው ከተቀመጡበት ተነሱ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው፤ ልቅሶው እንደ አዲስ ፈነዳ። አመተ ሥላሴ ከአጥሩ ውጭ ሆና እልል ማለት እንደማይገባ ጠፍቷት እልል አለች።

ሁሉም ግን አላመነም። ወይዘሮ ካሣነሽ ነጠላቸውን አራግፈው፣ ለእርቁ ከቀረበው ሳይቀምሱ ሄዱ። በሩ ላይ ሐረገ ወይንን ቆም ብለው አዩዋት።

«ወንድሜን በሽተኛ አደረግሽው» አሏት።

ሐረገ ወይን መንገዱን ለቀቀችላቸው። ከዛሬ በኋላ በየገበያው ቀን ጥጋቡ እስኪመለስ፣ አዲስዓለምም በሰላም ቤቱ እስኪገባ መንገድ መንገድ እንደምታይ አወቀች። ፍርሃቱ አነሰ እንጂ አልሄደም።

ለቀስተኛው ሲበተን ፀሐይዋ ወደ ማዘቅዘቁ ነበር። ሐረገ ወይን ቤት ገብታ እሳቱን ቆሰቆሰች፤ ውሃ ጥዳ ለብ ሲል አወረደችው፤ ወደ እግር መታጠቢያው ገበታ ገልብጣ ከመደቡ ሥር አስቀመጠችው። ፎጣውን አንስታ ቀና ስትል ነው ምን እያደረገች እንደሆነ የገባት። ይህ ሰዓት አባቷ ከውጭ ሲገቡ እግራቸውን የምታጥብበት ሰዓት ነበር።

ፎጣውን እንደያዘች ቆመች። ጥጋቡ በሩ ላይ ሆኖ ሲያያት ቆይቷል። ገብቶ መደቡ ላይ ተቀመጠና እግሩን ከውሃው ውስጥ አኖረ።

ተንበርክካ ታጥብ ጀመር። ተረከዙን፣ ቁርጭምጭሚቱን። እግሩ የአባታቸው እግር ነው፤ ቅስቱም ርዝመቱም አንድ ነው። ባላምባራስ እርካቡን በአውራ ጣታቸው እየያዙ ስለኖሩ፣ በአውራ ጣታቸውና በሁለተኛው ጣት መሀል እንደ ቀንድ የጠነከረ ሻካራ ቆዳ ነበራቸው። ሐረገ ወይን ሳታስበው ጣቷን ወደዚያ ሰደደች። የጥጋቡ ግን ለስላሳ ነበር።

ጣቷን አላነሳችም። ውሃው እስኪቀዘቅዝ ያንኑ ቦታ አሸችው፤ ጥጋቡም እግሩን አላነሳም።